በነፃ የሚሠራ ሥራ እንዴት እንጀራ ይሆናል? ስለ ኦፕን ሶርስ ለወላጆችና ለአያቶች



በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። ልጅቷ የውትድርና አገልግሎቷን ጨርሳለች፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርትም ተምራለች። ወደ ሃይ ቴክ ኩባንያዎች በየሳምንቱ ማመልከቻ ትልካለች፤ መልስ ግን የለም። ማታ ማታ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ እኩለ ሌሊት ያልፋል። እናት «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። «ለአንድ ፕሮጀክት ነው እማዬ። ኦፕን ሶርስ ይባላል» ትላለች ልጅ። «ስንት ይከፍሉሻል?» «ምንም። በነፃ ነው።» እናት ዝም ትላለች። ከጎን የተቀመጡት አያት ግን «በነፃ የሚያሠራ ሰው መቼ ደግ ሆኖ ያውቃል?» ይላሉ።

የአያት ጥርጣሬ መሠረት አለው። ጉልበታቸው ያለ ዋጋ የተወሰደባቸው ሰዎች የሚናገሩት ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ ከዚያ የተለየ ነው። ምን እንደሆነ፣ ለምን ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ደመወዝ ወዳለው ሥራ እንደገባ፣ የትኛው ቦታ ላይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች በየተራ ተብራርቷል።

ኦፕን ሶርስ ምን ማለት ነው?

በእጃችን የያዝነው ስልክ፣ ገንዘብ የምናወጣበት ካስፖማት፣ በኩፓት ሆሊም ቀጠሮ የሚይዝልን ኮምፒውተር፣ ሁሉም የሚሠሩት በፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ደግሞ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ነው። «መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ይህ ከሆነ ወደዚያ ሂድ» እያለ ማሽኑን የሚያዝ፣ ሺህ ወይም ሚሊዮን መስመር ያለው ጽሑፍ። ይህ ጽሑፍ ሶርስ ኮድ ይባላል። ለምግብ የአሠራሩ ሙያ እንደሆነው ሁሉ፣ ለፕሮግራም ሶርስ ኮድ እንደዚያው ነው።

አንዳንድ ኩባንያ ሙያውን ቆልፎ ያስቀምጣል። ወጡን ይሸጣል፣ አሠራሩን ግን ለማንም አያሳይም። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው። አሠራሩ በግልጽ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊጠቀምበት፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይፈቀድለታል። ፈቃዱም በጽሑፍ የሰፈረ ነው።

እናቶች ይህን ከእርሾ ጋር ቢያመሳስሉት ቶሎ ይገባቸዋል። ጎረቤት እርሾ ስትጠይቅ ሰጪዋ ምንም አይጎድልባትም። የእሷ እርሾ ቤቷ አለ፤ የጎረቤቷም ሊጥ ይቦካል። ነገ የእሷ ቢበላሽ ደግሞ ካበደረቻት ጎረቤት ታገኛለች። የኮምፒውተር ጽሑፍም ቢሰጡት አያልቅም።

ሥራው ራሱ ደግሞ ደቦ ነው። በአጨዳ ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ እንደሚመጣ፣ እዚህም አንዱ ከአፉላ፣ አንዱ ከህንድ፣ አንዷ ከብራዚል ሆነው አንድ ፕሮግራም ላይ ይሠራሉ። ልዩነቱ፣ በደቦ ሰው ይተዋወቃል፤ እዚህ ግን አብዛኛው ሰው በአካል ተያይቶ አያውቅም። የሚተዋወቁት በሥራቸው ነው።

ከየት ተነሣ?

በ1983 በአሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ በሚባለው ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሰው ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት እንደተነሣ አስታወቀ። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረውን ፕሮግራም ለሌሎች አሳየ። በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነገር እንደሆነና ትልቅ ይሆናል ብሎ እንደማይጠብቅ ነበር የጻፈው። ያ ፕሮግራም ሊኑክስ ይባላል።

ዛሬ አንድሮይድ የሚባሉት ስልኮች ሁሉ ውስጣቸው ያለው ሊኑክስ ነው። ከ2017 ወዲህ በዓለም በፍጥነት ቀዳሚ የሆኑት 500 ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በሚያዝያ 2021 ማርስ በተባለችው ፕላኔት ላይ የበረረችው ትንሿ ሄሊኮፕተርም የምትሠራው በሊኑክስና በሌሎች ኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ነበር። በዚያን ጊዜ ጊትሃብ የተባለው፣ እነዚህ ሥራዎች የሚቀመጡበት ድርጅት፣ ሄሊኮፕተሯ የተጠቀመችባቸውን ፕሮግራሞች የጻፉትን ሰዎች ለይቶ በስማቸው ላይ ምልክት አደረገላቸው። ወደ 12,000 የሚጠጉ ነበሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሥራቸው ማርስ መድረሱን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ሊነስ ራሱስ? በዚያ ሥራው ምክንያት በ1997 ወደ አሜሪካ ሄዶ በአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጠረ። በኋላም ሊኑክስን እንዲያስተዳድር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

በነፃ ከሆነ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ይህ የአያት ጥያቄ ነው፤ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። መልሱ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ በነፃ ቢሆንም፣ ፕሮግራሙን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በነፃ አይገኝም። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ኩባንያው በኦፕን ሶርስ ላይ ሥራውን ሲያቆም፣ የሚጠግንለት፣ ከሌባ የሚጠብቅለት፣ እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክልለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ትልልቅ ኩባንያዎች በወር ደመወዝ ኦፕን ሶርስ ላይ ብቻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ይቀጥራሉ። ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ የተነሣው በዚህ ሥራ ነው፤ በ2019 አይ ቢ ኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ወደ እስራኤል ስንመጣም ምሳሌው ቅርብ ነው። ኩምራኔት በሚባል የእስራኤላውያን ኩባንያ ውስጥ ኬ ቪ ኤም የሚባል ፕሮግራም ተጻፈ። ሥራው አንድን ትልቅ ኮምፒውተር እንደ ብዙ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ከፋፍሎ ማሠራት ነው። ኩባንያው ጽሑፉን ቆልፎ አላስቀመጠውም፤ ለዓለም ከፈተው። በ2007 የሊኑክስ አካል ሆነ። በ2008 ደግሞ ሬድ ሃት ኩምራኔትን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሬድ ሃት በራዓናና መሐንዲሶች የሚሠሩበት ቢሮ አለው። በግልጽ የተሰጠ ሥራ ባለቤቱን እንዳላደኸየው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ልጅቷ ሌሊት የምትሠራው ምንድን ነው?

ሥራው በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

በመጀመሪያ የምትጠቀምበትን ወይም የምትወደውን ፕሮግራም ትመርጣለች። እያንዳንዱ ፕሮጀክት የተበላሹና የጎደሉ ነገሮች ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ላይ አንዳንዶቹ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የሚሆን» የሚል ምልክት ይደረግባቸዋል። ከነዚያ አንዱን ትወስዳለች።

ሁለተኛ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ቅጂ ወደ ራሷ ኮምፒውተር ታመጣለች። ዋናው አይነካም። በቅጂው ላይ ስህተቱን ፈልጋ ታርማለች፣ መሥራቱንም ትፈትናለች። አንድ መስመር ለማረም ሦስት ሌሊት ማንበብ ሊያስፈልግ ይችላል።

ሦስተኛ፣ እርማቷን «ይህን ተመልከቱልኝ» ብላ ትልካለች። ይህ በሙያው ቋንቋ ፑል ሪክዌስት ይባላል። ፕሮጀክቱን የሚጠብቁ ነባር ሰዎች አሉ። እነርሱ መስመር በመስመር ያነቡታል። «ይህ ስም ግልጽ አይደለም»፣ «እዚህ ጋ ቁጥሩ ዜሮ ቢሆን ምን ይሆናል?» ብለው ይጽፉላታል። እሷም አስተካክላ መልሳ ትልካለች። ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው። አንዳንዴም «አመሰግናለሁ፣ ግን አንቀበለውም» ይሏታል።

አራተኛ፣ ሥራው ተቀባይነት ካገኘ ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ፣ ቀኑና ያረመችው መስመር አብረው ተመዝግበው ይቀመጣሉ። መዝገቡን ማንም ሰው ከየትም አገር ሆኖ ሊያየው ይችላል።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ልጅቷ ገንዘብ ባይከፈላትም ትምህርት እያገኘች ነው። ሃያ ዓመት የሠራ መሐንዲስ የጀማሪን ሥራ ቁጭ ብሎ ሲያርም፣ ያ በገንዘብ ቢተመን ውድ ነው። ደብተር አርሞ የሚመልስ ጥሩ መምህር እንደማግኘት ማለት ነው።

ለሥራ ፈላጊ ምን ይጠቅማል?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ወጣቶቻችን አንድ አጥር ይገጥማቸዋል። ቀጣሪው «ልምድ አለሽ?» ይላል። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ልምድ። እንደ ቴክ ካሪየር ያሉ፣ የማኅበረሰባችንን ወጣቶች ለሃይ ቴክ የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች ሙያውን ያስተምራሉ፤ ከሥልጠናው በኋላ ግን በሩን ማንኳኳት ይቀራል።

በእስራኤል ሃይ ቴክ ውስጥ በሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በትውውቅ ነው። በዕብራይስጥ «ሐቨር ሜቪ ሐቨር» ይሉታል፤ ጓደኛ ጓደኛውን ያመጣል ማለት ነው። በሠራዊቱ የቴክኖሎጂ ክፍሎች፣ ለምሳሌ በ8200፣ አብረው ያገለገሉ ሰዎች ሲወጡ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ነውር የለበትም፤ ሰው የሚያውቀውን ያምናል። ነገር ግን አባቱ በጽዳት፣ እናቱ በፋብሪካ የሠሩ፣ በዚያ ክፍል ያላገለገለ ልጅ ማን ይጥራው? ማንስ ይመስክርለት?

ኦፕን ሶርስ የሚሰጠው ይህን ምስክር ነው። ልጅቷ ኮሮት ሐይም የሚባለውን የትምህርትና የሥራ ታሪኳን ስትልክ «ታታሪ ነኝ፣ ፕሮግራም መጻፍ እችላለሁ» ብላ ብቻ አታቆምም። «ይህን ስህተት አርሜያለሁ፣ እዚህ ይገኛል» ብላ ታሳያለች። ቀጣሪው ገብቶ ያነባል። የጻፈችውን ብቻ አይደለም፤ ሲያርሟት እንዴት እንደመለሰች፣ ሳትቆጣ አስተካክላ እንደላከች፣ ለሌላው ሰው በትህትና እንዴት እንዳስረዳች ጭምር ያያል። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራም የምትናገረው ነገር አላት። አንዳንዴም አብረዋት የሠሩት ነባር መሐንዲሶች «ይህችን ልጅ እናውቃታለን» ብለው ያገናኟታል።

በጎንደር ገጠር ያደጉ ወላጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የቤተ እስራኤል አንጥረኛ የሠራው ማረሻ፣ ሸማኔው የሠራው ጋቢ፣ እናቶች የሠሩት ምጣድና ጋን ገበያ ይወጣ ነበር። ባለሙያውን በስም የሚያንኳስስ፣ ክፉ የሚያወራበት ሰው እንኳ ማረሻው መሬት ሲሰነጥቅ መካድ አይችልም ነበር። ሥራው ስለ ሠሪው ይናገር ነበር። ኦፕን ሶርስም እንዲህ ያለ ገበያ ነው። ይህ ማለት ግን በዚያ አድልዎ የሚባል የለም ማለት አይደለም። ሰው ባለበት ሁሉ አድልዎ አለ። ቢሆንም ሥራው በግልጽ ተቀምጦ ሲታይ፣ «አትችልም» ማለት ከባድ ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት

ጥሩ ጎኑን ብቻ መናገር ልጆችን ማሳሳት ይሆናል።

አንደኛ፣ ዋስትና የለውም። ኦፕን ሶርስ ላይ የሠራ ሁሉ ሥራ አያገኝም። ከሥራ ማመልከቻ፣ ከትምህርትና ከቃለ መጠይቅ ዝግጅት ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ እነርሱን የሚተካ አይደለም። የቤት ኪራይ የሚከፍለውን ሥራ ጥሎ ወደዚህ መግባትም አይመከርም። በሳምንት አራትና አምስት ሰዓት፣ ለወራት ሳያቋርጡ መሥራት፣ አንድ ሳምንት ሌት ተቀን ደክሞ ከመተው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መድከም አለ። በመጋቢት 2024 የሆነው ነገር ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። ኤክስ ዜድ የሚባል፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ትንሽ ፕሮግራም ነበር። የሚጠብቀው አንድ በፈቃደኝነት የሚሠራ፣ የደከመው ሰው ነበር። ሌላ ሰው እየረዳ ቀረበውና ከሁለት ዓመት በላይ እምነቱን ገንብቶ በመጨረሻ በፕሮግራሙ ውስጥ የሌባ በር ቀበረበት። ያ በር በሰፊው ሳይሠራጭ የተያዘው፣ በማይክሮሶፍት የሚሠራው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተውሎ «ለምን?» ብሎ ስለመረመረ ነው። ጽሑፉ ግልጽ ስለነበር ምክንያቱን እስከ ሥሩ ድረስ ተከታትሎ ሊያገኘው ቻለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፦ ሁሉንም ሸክም ለአንድ ሰው መተው አደጋ አለው፤ አስተዋይ ዓይን ደግሞ ዋጋው ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰው ምሥጢር አይገለጥም። አሁን ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ የቀጣሪውን ጽሑፍ ወደ አደባባይ ማውጣት የለበትም፤ ውሉንም ማንበብ አለበት። በሠራዊት ውስጥ ያለ ወታደር ከመጀመሩ በፊት አለቃውን ይጠይቅ።

አራተኛ፣ በዚህ ዘመን የጽሑፉን ሥራ ለማሽን አሳልፎ መስጠት ቀላል ሆኗል። ሰው ሠራሽ አእምሮ የጻፈውን ሳያነቡና ሳይረዱ መላክ ስምን ያበላሻል። በቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ሲባል መልሱ ከልጅቷ አፍ መውጣት አለበት።

አምስተኛ፣ ለመግባት ገንዘብ አይከፈልም። «ይህን ያህል ሺህ ሰቅል ከፍላችሁ ልጃችሁን ወደ ኦፕን ሶርስ ላስገባው» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት። እንዲያውም ለጀማሪ የሚከፍሉ ፕሮግራሞች አሉ። ጉግል ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው «ሰመር ኦፍ ኮድ» አለ፤ ከ2022 ወዲህ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ነው። አውትሪቺ የሚባለው ደግሞ በየአገሩ በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነና አድልዎ ለሚደርስባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ለሦስት ወር ከቤት ሆነው ይሠራሉ፤ 7,000 ዶላር ይከፈላቸዋል። ሁለቱም በማመልከቻና በውድድር የሚገባባቸው ናቸው።

አማርኛ የሚያውቅ ሰውም ድርሻ አለው

ኦፕን ሶርስ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። ስህተት አይቶ የሚያሳውቅ፣ መመሪያ የሚጽፍ፣ የሚተረጉም ሰውም ይፈለጋል። የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም የጋራ መዝገብ፣ ዩኒኮድ በሚባለው ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልክ ማንበብ የሚቻለው ከዚያ ወዲህ ሰዎች ስለደከሙበት ነው። ኖቶ የተባለው የጉግል የፊደል ቅርጽ ግዕዝን ያካትታል፤ ለሁሉም በነፃ የተለቀቀ ነው። ደብዳቤና ሰንጠረዥ የሚሠራበት ሊብረኦፊስ የአማርኛ ትርጉም አለው። የአማርኛ ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ፕሮግራምም ኦፕን ሶርስ ነው፤ በገጹ ላይ የሚታዩትን ትእዛዞች ወደ አማርኛ የሚመልሱት ፈቃደኞች ናቸው።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ሊተባበር ይችላል። ልጅቷ እንግሊዝኛውንና ኮምፒውተሩን ታውቃለች፤ አማርኛው ግን ይከብዳታል። አያት ኮምፒውተር አያውቁም፤ አማርኛው ግን በእጃቸው ነው። «አያቴ፣ የጻፍኩትን ወደ ኋላ መልሰው የሚለውን በአንድ ቃል እንዴት እንበለው?» ብላ ስትጠይቅ፣ መልሱ ከአያት ይወጣል። ያቺ ቃል ስክሪኑ ላይ ትወጣለች፤ አዲስ አበባ ያለው ተማሪም፣ ዋሽንግተን ያለችው እናትም ያነቧታል። ለልጅቷ ደግሞ በስሟ የሚመዘገብ ሥራ ይሆናታል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ወላጅ ኮዱን ማወቅ አይጠበቅበትም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። «ዛሬ ምን አስተካከልሽ?» «ማን አየልሽ? ምንስ ብሎ አረመሽ?» «ይህን ሥራሽን ለቀጣሪ አሳይተሻል?» የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራው እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው ትምህርት መኖሩን ያሳያል። ሦስተኛው ደግሞ ድካሙ ወደ እንጀራ እየሄደ መሆኑን ያሳያል። ለሦስቱም መልስ ካላት፣ ሌሊቷ በከንቱ እየሄደ አይደለም። ለሦስተኛው መልስ ከሌላት ግን «ልጄ፣ ጋቢውን ሠርተሽ ቤት አታስቀምጪው፤ ገበያ አውጪው» ማለት የወላጅ ድርሻ ነው።

አያትም ሌሊት ሲነሡ መብራቱ በርቶ ካዩ፣ ከመቆጣታቸው በፊት ቡና ወይም ሻይ ይዘው ጠጋ ይበሉ። ልጅቷ ስሟ የተጻፈበትን መስመር ታሳያቸው። ላያነቡት ይችላሉ፤ የልጅ ልጃቸው ስም መሆኑን ግን ያያሉ።